የመርሳ አዳሮ ነጭ ክምር

ረጀብ 6

ጻፊ። እኔ ኦኑር ከራር ነኝ። ፊደል አላውቅም፤ አላፍርበትምም። ከዚህ መንደር እስከ ሐላይብ ያለውን የባሕር ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ፊደል የሚያውቁት ደግሞ እሱን አያውቁም።

የምትጽፈው የልጄ የከራር ልጅ ሩቃያ ናት። ፖርት ሱዳን አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ እስኪከፈት አያቴን ላጫውት ብላ መጣች። አባቷ የላካት ሰላይ መሆኗን አውቃለሁ። ይሄንንም ጻፊው። ስትስቂ እሰማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራር ረመዳን ሳይገባ ከዚህ ነቅሎ ከተማ ሊወስደኝ ቆርጧል። የሱ ቤት ባሕር አይሰማበትም። ግንብ አለው፣ ቧንቧ አለው፣ ግንቡ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ተተክሎበታል። ትናንት በጓደኛዬ በኦሃጅ ፊት ተጨቃጨቅን።

«አባ፣ ብቻዎን ነዎት። አንድ ቀን ቢወድቁስ?»

«አሸዋ ላይ ነው የምወድቀው። አንተ ጋ ሲሚንቶ ነው።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ማን ቀለደ?»

ኦሃጅ ሳቀ። ጥርስ ስለሌለው ሲስቅ ንፋስ ይወጣዋል። እኔም ተናደድኩና ቃል ሰጠሁ፤ ወደ መርሳ አዳሮ እንሂድ፣ እኔ ከጀልባዋ ግንባር ቆሜ በአፌ እመራለሁ፣ አንተ መሪውን ትይዛለህ፤ በበሩ ካስገባኋችሁ እዚሁ እቀራለሁ፣ ካላስገባኋችሁ ዕቃዬን ራሴ እጭናለሁ አልኩት። ከራር ብዙ አሰበ። «እሺ» አለ። ኦሃጅ ምስክር ሆነ። ቀኑን ሻዕባን 14፣ ረመዳን ሊገባ ግማሽ ወር ሲቀረው፣ አደረግን።

መርሳ አዳሮ አላህ ራሱ የቆፈረው ወደብ ነው። ባሕሩ በድንጋዩ መሐል ቀጭን በር ከፍቶ ወደ በረሃው ይገባል። ውጪ ማዕበሉ ቢያብድ ውስጡ ዘይት ነው። በሩ ግን ከሁለት ጀልባ ወርድ አይበልጥም። አሁን ፓርክ ነው ይሉታል። ጠባቂ አለው፤ ሰው በቀን ገብቶ በቀን ይወጣል እንጂ አያድርበትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የብርዱን ወራት ያደርኩበትን!

ረጀብ 9

ዛሬም ጭጋግ ነው። ዘንድሮ አልነሣ አለ። ሩቃያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ትላለች። ከተማ ያደገ ሰው የባሕር ጭጋግ አይገባውም።

ረጀብ 13

ግመለኛው ኦኪር ከተራራው ወርዶ በደጄ አለፈ። ሰላም ተባባልን። ከዚያ «ሰከናብ?» አልኩት።

ሩቃያ ከተሜ ስለሆነች አስረዳኋት። እኛ ቤጃዎች ከሰላምታ ቀጥሎ ሰከናብ እንጠያየቃለን። ወሬ ማለት ነው፤ የሻይ ቤት ወሬ ግን አይደለም። በዓይንህ ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ለብቻ፣ ከማን እንደሰማኸው ጨምረህ ታወጣለህ። ያንተን ወሬ ይዞ ሰው ግመሉን ያነሣል፣ ድንኳኑን ይነቅላል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ቅጣቱ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ሰከናብ የሚጠይቀው የለም። ሰላም ይሉትና ያልፉታል፤ እንደ ጉቶ።

ኦኪር «ከሸለቆው በላይ ዘንቧል» አለኝ።

«አይተህ ነው ሰምተህ?»

«መዝነቡን ሰማሁ፣ ከአጎቴ። ጭቃውን አየሁ፤ ይኸው የግመሌ እግር።»

እንዲህ ነው ሰው። ኦኪር ሲሄድ ሩቃያ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ስታስቀምጠው ሰማሁ።

«አያቴ፣ ጠዋት የኦሃጅን ጀልባ አየሁ ብለውኝ ነበር። አይተው ነው ሰምተው?»

«ሞተሩን የማላውቀው መሰለሽ?»

«እሱማ መስማት ነው።»

ይህችን ልጅ ማን ነው ፊደል ያስተማራት።

ረጀብ 19

ከዒሻ ሶላት በኋላ። ዛሬ ብዙ ትጽፊያለሽ፤ ኩራዙን አስተካክዪው፣ ጥቀርሻ ይዞታል መሰለኝ፣ ብርሃኑ ደክሟል።

ስለ ሲትና ነው። ሚስቴ ነበረች። የሩቃያ አያት ናት፤ ሩቃያ ግን አላወቀቻትም።

ያኔ ሰደፍ እንጠልቅ ነበር፤ ሆዱ እንደ ጨረቃ የሚያበራውን ትልቁን ዛጎል። ብርዱ ሲገባ ከነቤተሰባችን መርሳ አዳሮ እንወርዳለን። ወንዶቹ ጠዋት ወጥተን እንጠልቃለን፣ ሴቶቹ ዛጎል ያጸዳሉ። በሩን ለማግኘት ሁለት የድንጋይ ክምር ነበረን። አንዱ ኮረብታው ላይ፣ አንዱ ታች ውሃው ዳር። ከባሕር ስትመጣ ሁለቱ ተነባብረው አንድ ሲሆኑ በሩ ፊትህ ነው።

የታችኛውን ክምር የምትጠብቀው ሲትና ነበረች። ስባሪ ዛጎል ታቃጥላለች፣ ትፈጫለች፣ በውሃ ትበጠብጣለች፤ ከዚያ በመዳፏ ድንጋዩን ትቀባዋለች። በብሩሽ ቀቢው ብላት «ብሩሽ ስንጥቁ ውስጥ አይገባም» ትለኛለች። በየአሥር ቀኑ። መዳፏ ተላልጦ፣ ተሰነጣጥቆ። ሌሎቹ ሴቶች «ባልሽ አንቺን ትቶ ለክምሩ ነው የሚመጣው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም «ክምሩን ካላየ እኔ ጋ በምን ይደርሳል?» ትላለች።

እኔ ያኔ የዓይን ሰው ነበርኩ። ሌላው የጀልባ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚፈልገውን እኔ ተቀምጬ አየዋለሁ። አንድ ነጭ ነጥብ፣ እንደ ወተት ጠብታ። እዚያ ሲትና አለች ማለት ነው። ያንን የመሰለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የሞተችው ሰደፉ ባለቀ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ መርሳውም ባዶ ሆነ። ክምሩን የቀባው የለም። እኔም ሄጄ አልቀባሁትም። መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። በቃ፣ አጥፊው ኩራዙን።

ረጀብ 24

ሥራ በዛ። መረብ መጠገን። ክሩ ዘንድሮ በጣም ቀጥኗል፤ ፋብሪካው ተበላሽቷል። እግሬን መልህቅ መታኝ። ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው አልኩ። ኦሃጅ «ሃያ ዓመት እዚያው ነው ያለው» አለ። ሻዩን ሳህኑ ላይ ቀዳሁት። ሩቃያ ምንም ሳትል ጠረገችው። ምንም አለማለቷ ነው የከፋኝ።

ሻዕባን 3

ኢማሙ ከመስጊድ ስንወጣ ትከሻዬን ያዘኝ። «ኦኑር፣ ጨረቃዋ ቀርባለች። እንደ ወትሮው አንተና ኦሃጅ ናችሁ።» እሺ አልኩት። የረመዳንን ጨረቃ በዚህ መንደር ሠላሳ ዓመት ቀድሜ የማያት እኔ ነኝ። ኦሃጅ ሁለተኛ ምስክር ነው። ሁለት ሰው አየሁ ካለ መንደሩ ይጾማል።

ዓምናም አየናት። ደመና ነበር። ግን አየናት።

ሻዕባን 7

ዓምና ስላልኩት ነገር። ከተማውም በማግስቱ ጾሟል። ከመካ ጀምሮ ሁሉም ጾሟል። እንግዲህ ምን አጠፋሁ? ምንም። ለምን ጻፍሽው? ይሄን ሰርዢ።

ሻዕባን 11

ከራር መጥቷል። ውጪ ከሩቃያ ጋር ጀልባዋን ሲያጥብ ነፋሱ ድምፃቸውን አመጣው።

«ያውቃሉ?» አለ ከራር።

«ያውቃሉ። እኛ የማናውቅ ይመስላቸዋል እንጂ።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ጻፊ እንጂ ምን ዝም ትያለሽ።

ሻዕባን 13

ቴምር። ደረቅ ዓሣ። ሁለት ጀሪካን ውሃ። ገመድ። ከራር ሞተሩን ፈትቶ ገጠመው። ነጩን ጀለቢያዬን እጠቢልኝ አልኳት። ለምን አለች። ዝም ብለሽ እጠቢ።

ሻዕባን 14

ደርሰን ተመልሰናል። ደክሞኛል። ነገ።

ሻዕባን 15

ውሃ አምጪና ተቀመጪ። አንቺም ነበርሽ፤ ግን እኔ እንደምለው ነው የምትጽፊው።

ጎህ ሲቀድ በፈጅር ልንነሣ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከኋላህ ስለሆነች ውሃው ቀለሙን ያሳያል። ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው፣ ቡናማው ድንጋይ ነው፣ ነጣ ያለው አረንጓዴ አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከፊት ትመጣለች፣ ባሕሩ ቆርቆሮ ይሆናል፣ የማንም ዓይን አይሠራም። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። የከራር ሞተር ግን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ቆመ።

ኦሃጅ «ሸራ ቢሆን ደርሰን፣ በልተን፣ ተኝተን ነበር» አለ።

«አጎቴ፣ ሸራው የታለ?» አለ ከራር፣ እጁ በዘይት ተጨማልቆ።

«ሸጥከዋ!»

«እርስዎ ነዎት የሸጡት! ለሠርግ ድንኳን ብለው!»

«ለማን ሠርግ? ላንተ!»

ሩቃያ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ሰዓት ይቆጥር ነበር። በሩ ፊት ስንደርስ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ካለፈ ቆይቷል። ፀሐይዋ ፊቴን ስትመታው ይታወቀኛል። ከራር የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰ።

«አባ፣ ምንም አይታየኝም። ሁሉም ያበራል። እንመለስ። ሌላ ቀን በጠዋት እንመጣለን።»

እዚህ ላይ እሺ ማለት እችል ነበር። ማንም አይታዘበኝም። ግን ሌላ ቀን በጠዋት እነሱ ያያሉ፣ እኔ ደግሞ... ተይው።

«ሞተሩን አጥፋ» አልኩት።

«ሞተሩን?»

«አጥፋ። አንተም ኦሃጅም መቅዘፊያ ያዙ። ሩቃያ፣ አፍሽን ያዢ።»

ሞተሩ ዝም ሲል በሩ መናገር ጀመረ። በቀኝ ድንጋዩ እንደ ግንብ የቆመ ነው፤ ማዕበሉ ደረቱን ሲመታው ድም ይላል። በግራ ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃው እላዩ ላይ እየተሳበ እንደሚጠበስ ስብ ይንጫጫል። በመሐል ምንም የለም። ያ ምንም የሌለበት ነው በሩ። እጄን ባሕሩ ውስጥ ነከርኩ። መርሳው ጥልቀት የለውም፣ ፀሐይ ስታሞቀው ትውላለች፤ ከሰዓት በኋላ በበሩ የሚወጣው ውሃ ለብ ይላል። ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ለብ አለኝ፤ እንደ ሰው መዳፍ።

«ግራ። ትንሽ ግራ። በቃ። አሁን ቀጥ አድርገህ ቅዘፍ። ኦሃጅ፣ አንተም ቅዘፍ፣ የምትጸልየው ስትደርስ ነው።»

ድሙ በቀኝ ጆሮዬ አለፈ። ጫጫታው በግራ ጆሮዬ አለፈ። ከዚያ ጀልባዋ ከእግሬ ሥር ተኛች። ገባን። ሃያ ሁለት ዓመት ያልገባሁበት መርሳ ገባን።

ያን ጊዜ ኩራት አፌን ከፈተው። ጣቴን ቀስሬ «ይኸው ክምሩ!» አልኩ። «እንደ ድሮው ነጭ ነው! ወተት ነው! አያችሁት?»

መቅዘፊያዎቹ ቆሙ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከራር «አዎ፣ አባ» አለ። ድምፁን አወቅሁት። ልጅ ሳለ በቅዠት ሲባንን እኔ «አዎ፣ ልጄ፣ ሄዷል» የምለው በዚያ ድምፅ ነበር።

የፓርኩ ጠባቂ ዒሳ የሚባል ሽማግሌ ነው። ከሌላ ጎሣ ነው፣ ግን ያገራችን ሰው ነው። ውሃው ዳር ወርዶ ገመዳችንን ተቀበለ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና። ከዚያ በሥርዓቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሲያደርግ ጨርቁ ተሰማኝ፣ «ሰከናብ?» አለኝ። ትልቁ እኔ ስለሆንኩ እኔን ነው የሚጠይቀው።

አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ባሕሩን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ ክምሩን አየሁ ልል ነበር። ግን እዚያ አሸዋ ላይ ነው የቆምኩት። ሲትና የምትቆምበት ላይ። ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ያየሁት የለም» አልኩት። «ባሕሩን ሰማሁት፣ በራሴ ጆሮ። በሩንም ሰማሁት። ውሃውን በእጄ ዳሰስኩት። ክምሩ ነጭ ነው ብዬ ለነዚህ ነግሬያለሁ፤ አላየሁትም። ሁለት ዓመት ሆነኝ ምንም በደንብ ካየሁ። ዓምና የረመዳንን ጨረቃ አየሁ ብያለሁ። አላየኋትም። አጠገቤ ኦሃጅ ‹አሃ› ሲል ሰምቼ ነው አየሁ ያልኩት።»

ኦሃጅ መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀበት።

«እኔ?» አለ። «እኔም እኮ አላየሁም! ‹አሃ› ያልኩት ወገቤን ወግቶኝ ነው። አንተ ‹አየሁ› ስትል ነው እኔም ‹አየሁ› ያልኩት!»

«ታዲያ ማን ነው ያያት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

መንደሩን ሁሉ በኦሃጅ ወገብ አስጾመነዋል። መጀመሪያ ሩቃያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ከራር፣ ቀጥሎ እኔ። ኦሃጅ ግን አልሳቀም፤ አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ፣ ይል ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ዒሳ «ክምሩ ግን ነጭ ነው» አለ።

«አታሹፍብኝ።»

«ወላሂ። እናንተ ፀሐይዋ ወደ ፊታችሁ ስለሆነች ጥቁር ሆኖ ነው የታያችሁ። ከዚህ ተመልከቱት። ዓሣ አዳኝ ንስር ጎጆ ሠርታበታለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷ ናት የቀባችው።»

«በምን ቀባችው?»

«በምን ይመስልሃል?»

ሩቃያ ሄዳ ዞራ አየችው። ተመልሳ «እውነት ነው፣ አያቴ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ስንጥቁ ውስጥ ሳይቀር» አለችኝ። ሲትና በመዳፏ የቀባችውን፣ እኔ የተውኩትን፣ ወፍ በኩሷ ቀባችው። እሷ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። እኔ ግን ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልኩም። ልዳስሰው አልኩ። ዕንቁላል አላት፣ አትጠጉ አለ ዒሳ። አልጠጋሁም። ቆሜ ሰማኋት። ቀጭን ፉጨት ናት፤ ሂድ የምትል።

ቴምሩን በላን። ስንወጣ ፀሐይ ከኋላችን ሆነች፣ ከራር በዓይኑ አወጣን። መንገድ ላይ ማንም ስለ ውሉ አላነሣም። በመጨረሻ ኦሃጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውሉ ‹በአፍህ አስገባን› ነበር። ዓይን የሚል ቃል አልሰማሁም። እኔ ምስክር ነኝ።»

«የእርስዎ ምስክርነትማ...» አለ ከራር።

ሻዕባን 18

ወሬው ደርሷል። ዒሳ ለጠየቀው ነገረ፣ የጠየቀውም ለሌላው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ሰከናብ ሥራው መሄድ ነው። በመስጊድ ሰላም አሉኝ። ከዚያ አለፉ። ኢማሙም አለፈ።

ሻዕባን 21

ከራር ከቤቴ ደጃፍ እስከ ባሕሩ ገመድ ዘረጋ። ግንድ ተከለ፣ በየአሥር እርምጃው ቋጠሮ አሰረበት። ምንድን ነው አልኩት። «መረብ ማስጫ» አለኝ። እስካሁን ምንም መረብ አልተሰጣበትም። ዛሬ ጠዋት እሱን ይዤ ብቻዬን ውሃው ድረስ ወርጄ ተመለስኩ፤ አርባ አንድ ቋጠሮ ነው። ስለ ከተማው አላነሣም። ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ አለ። እሄዳለሁ አላልኩም። አልሄድም ብዬም አልተቆጣሁም።

ሻዕባን 25

ከመርሳው ከተመለስን አሥራ አንድ ቀን አለፈ። አንድም ሰው ሰከናብ አልጠየቀኝም። በደጄ የሚያልፈውን ሁሉ በጫማው አውቀዋለሁ። ሰላም ይሉኛል። ስምንት ሰው ዛሬ። ይሄ ይገባኛል፤ ለሌላ ሰው የፈረድኩት ፍርድ ነው። ኦሃጅንም እንዲሁ። አብረን እንቀመጥና እሱ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ እሱን እጠይቀዋለሁ። የሚነገር ነገር ግን የለንም፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ነው የዋልነው።

ሻዕባን 29

ከመግሪብ ሶላት በኋላ። ሩቃያ ነገ ትሄዳለች፤ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ሰዉ ለጨረቃዋ ሜዳው ላይ ወጣ። የጠራኝ የለም። ገመዴን ይዤ ወጣሁ፤ ገመዱ ሲያልቅ ኦሃጅን ይዤ። ፊታችንን ወደ ተራራው አደረግን። ሁሉም ዝም ሲል ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ዘንድሮ እኔ አላይም። ዓምናም አላየሁም። ዋሽቻችኋለሁ። ዓይን ያለው ይይ።» ኦሃጅ «እኔም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ኢማሙ «አላህ ይቅር ይበላችሁ» አለ።

ጥቂት ቆይቶ ሩቃያ «ያውና!» አለች። ቀጥሎ ከራር «ቀጭን ናት፣ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ከፍ ብላለች» አለ። ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ ጮኸ። ሰው ተቃቀፈ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እንደ ጉቶ ቆሜአለሁ።

በዚህ መሐል የግመል እግር ሰማሁ። ኦኪር ነው፣ ግመለኛው፤ ከባሕሩ በኩል ወደ ተራራው ሊወጣ። ላይኞቹ ሰፈሮች ነገ ይጹሙ አይጹሙ የሚነግራቸው እሱ ነው። ግመሉን አላንበረከከም። በኢማሙ ፊት አለፈ፣ በወጣቶቹ መሐል አለፈ። ፊቴ ሲደርስ ወረደ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና።

«ኦኑር» አለኝ፣ «ሰከናብ?»

የኦሃጅን ክንድ ለቅቄ ቀና አልኩ።

«ያየሁት የለም» አልኩት። «የሰማሁት፤ ጨረቃዋ ወጥታለች። የሰማሁት ከልጄ ከከራርና ከልጁ ከሩቃያ ነው፤ ሁለቱም በዓይናቸው አይተዋታል። ቀጭን ናት፣ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ከፍ ብላለች ብለዋል። ከዚህ በላይ አላውቅም።»

«ይበቃል» አለ ኦኪር።

ግመሉ ላይ ወጣና ወሬዬን ይዞ ወደ ተራራው ሄደ።